የክርን ስብራት፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤውና ወደ ሕክምናው

ከውድቀት በኋላ ክርን ካበጠና አልዘረጋም ካለ፣ ከራጅም በፊት መታየት ያለበት እጁ ነው። የእጅ አንጓ የደም ትርታ፣ የጣቶቹ ሙቀትና ቀለም፣ የትንሿ ጣት መደንዘዝ፣ እንዲሁም አውራ ጣትንና አመልካች ጣትን ጫፍ ለጫፍ አጋጥሞ ክብ መሥራት መቻል ይመረመራል። ክርኑ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ የስብራቱ ዕድል አነስተኛ ነው፤ ይህ ብቻውን ግን ስብራት የለም አያሰኝም።

ክንዱን ወደ ላይ መዘርጋት ሲያቅት፦ በክርኑ ጫፍ ላይ የወደቀ ሰው ጫፉ ሲዳሰስ ክፍተት ካለው፣ የተሰበረው የኡልና (በትንሿ ጣት በኩል ያለው የታችኛው ክንድ አጥንት) የክርን በኩል ጫፍ ነው። የኋላው የክንድ ጡንቻ ስባሪውን ወደ ላይ ስለሚስበው፣ ብዙውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና በሽቦ ወይም በብረት ይታሰራል።

መዳፍን ማገላበጥ ሲያም፦ እጁን ዘርግቶ በወደቀ አዋቂ ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የራዲየስ (በአውራ ጣት በኩል ያለው የታችኛው ክንድ አጥንት) የክርን በኩል ጫፍ፣ ማለትም ራሱ፣ ነው። ይህ ስብራት በራጅ ላይ ሊደበቅ ይችላል፤ ሆኖም መስመሩ ባይታይም፣ በመገጣጠሚያው ውስጥ የፈሰሰው ደም እዚያው ያለውን ስብ ገፍቶ ከክርን በላይ ካለው አጥንት ጀርባ ጥቁር ጥላ ካሳየ፣ ስብራት እንዳለ ተቆጥሮ ይታከማል። ስባሪው ከቦታው ካልተናጋ ለጥቂት ቀናት ክንዱን በማንጠልጠያ መያዝና ወዲያው ማንቀሳቀስ መጀመር ይበቃል። ጀሶን ማቆየት ጥንቃቄ ይመስላል እንጂ፣ የአዋቂ ክርን ለሳምንታት ከታሰረ በቀላሉ ይገትራል። መዳፉ አልገላበጥም ብሎ ከተቆለፈ ግን ቀዶ ሕክምና ይታሰባል።

በሕፃን ላይ ከክርን በላይ እብጠትና መጣመም ሲታይ፦ በተለይ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባሉ ልጆች የሚሰበረው የሁመረስ (ከትከሻ እስከ ክርን ያለው የክንድ አጥንት) የታችኛው ክፍል ሲሆን፣ የሾለው ስባሪ ከፊቱ የሚያልፈውን የደም ሥርና ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። የተናጋው ስብራት በማደንዘዣ ተስተካክሎ በቆዳ በኩል በሚገባ ሽቦ ይያዛል፤ ሽቦውም ከ3 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይወጣል።

ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየባሰ ሲሄድ፣ በተለይም ሌላ ሰው ጣቶቹን ቀስ ብሎ ሲዘረጋለት ልጁ ከጮኸ፣ በጡንቻው ውስጥ ግፊት እየጨመረ ስለሆነ ማስታገሻ እየሰጡ ማደር አይገባም። ጀሶውና ፋሻው እስከ ቆዳው ድረስ ወዲያው ይከፈታል፤ ካልተሻለው ጡንቻውን የሸፈነው ጠንካራ ስስ ሽፋን በቀዶ ሕክምና ይቀደዳል። በዚህ ጊዜ የደም ትርታው መኖሩ ማንንም ሊያዘናጋ አይገባም፤ ትርታው እያለም ጡንቻው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላልና።

ከተፈታ በኋላ ክርኑ ሲገትር፦ ታካሚው በራሱ አቅም እያጠፈና እየዘረጋ ያንቀሳቅሰው። በጉልበት መጎተትና ማሸት በጡንቻው ውስጥ አጥንት እንዲፈጠር ሊያደርግ ስለሚችል ፈጽሞ አይመከርም።