ኪዩ እያለ ጌሙ እምቢ ሲል፦ ለድሮ ሲሙሌተሮች ችግርና መፍትሄ

አዳማ ውስጥ የድሮ ሲሙሌተር (የእውነቱን ዓለም የሚያስመስል የኮምፒውተር ጌም) የሚወድ ሰው ጣጣው የሚጀምረው ኮምፒውተሩን ፎርማት ያስደረገ ቀን ነው።

ጌሙን መልሳችሁ ስትጭኑ ኪዩን፣ ማለትም ከዲስኩ ጋር የመጣውን የፊደልና ቁጥር ኮድ ይጠይቃል፤ ስታስገቡት «ኪዩ ልክ አይደለም» ይላል። ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ (2006 እ.ኤ.አ.) ከሆነ ኪዩ 25 ፊደልና ቁጥር ነው። ማይክሮሶፍት በእነዚህ ኪዮች ውስጥ «ኦ»፣ ዜሮ፣ «አይ» እና 1 አያስገባም። ዜሮ የመሰላችሁ ነገር «ዲ» ወይም «ኪው» ነው። «ቢ» እና 8ን፣ «ጂ» እና 6ንም ለዩ። ወረቀቱ ከደበዘዘ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አጉሉት።

ኪዩ ልክ ነው፣ ኔትወርክም አለ፣ አክቲቬት ግን አያደርግም፤ ማለትም የድርጅቱ ሰርቨር ኪዩን አያረጋግጥም። መጀመሪያ ቀንና ሰዓቱን እዩ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ካለቀች፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል። ያኔ የሰርቨሩ የደህንነት ሰርተፍኬት ለኮምፒውተሩ ገና ያልተሰጠ ይመስለዋል፤ ግንኙነቱን ይዘጋል። የእኛ ብቻ የሆነም ምክንያት አለ፦ ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሙላት። በአንዴ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ማለት ነው! የፈረንጁን ቀን አስገቡ፣ የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ አድርጉት። ነገም ቀኑ ከተመለሰ ባትሪዋን ቀይሩ፤ ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 ናት። ፖስታ ቤት ወይም ፍራንኮ አካባቢ ያለ ጥገና ቤት ወዲያው ይቀይርላችኋል።

ኪዩ የተጻፈበት ካርቶን ጠፍቷል። ሲምስ 2 አሁንም ኮምፒውተሩ ላይ ካለ ኪዩም አለ። ሬጅስትሪ (ዊንዶውስ የፕሮግራሞችን መረጃ የሚያስቀምጥበት ቦታ) ከፍታችሁ «ኢ፣ አር፣ ጂ፣ ሲ» የሚሉትን አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት አንድ ላይ ፈልጉ። የምታገኙትን ገልብጣችሁ ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩት። ከፎርማት በኋላ ግን ወሬ ነው። ሰው የሚልክላችሁን ኪይ ጀነሬተር (የሐሰት ኪይ የሚፈበርክ ፕሮግራም) አትክፈቱ፤ ቫይረስ ይዞ የሚመጣው ይበዛል።

ስቲም (የኢንተርኔት የጌም መደብር) ላይ «ኪዩ ተይዟል» ይላል። የዲስክ ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 ኪይ ስቲም ላይ ይሠራል፣ ግን ለአንድ አካውንት ብቻ። ያገለገለ ዲስክ ከገዛችሁ ሻጩ ቀድሟችኋል፤ ገንዘባችሁን ጠይቁት። የራሳችሁ የድሮ አካውንት ከሆነ ግን ስቲም ሳፖርት ኪዩን እንደ ባለቤትነት ማስረጃ ይቀበላል።

ሲምሲቲ 4 ከዲስክ ዊንዶውስ 10 ላይ አይከፈትም። ኪዩ ንጹህ ነው። ዲስኩን የሚጠብቀውን ሴፍዲስክ ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 10 አውጥቶታል። ጂኦጂ (እሱም የኢንተርኔት የጌም መደብር ነው) ወይም ስቲም ላይ ቅናሽ ጠብቃችሁ ያለ ዲስክ የሚሠራውን ግዙ።