ፍላሹ ባዶ ነው ሲባሉ ፎርማት አያስደርጉ፦ የተደበቀ ፋይልና የተረሳ ፓስወርድ እንዴት ይገኛል?

ሰኔ ላይ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ባሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወረፋው አይጣል ነው። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ ይመጣል። አታሚው ልጅ ይሰካዋል፣ ይከፍተዋል፣ ውስጡ ምንም የለም። "ቫይረስ በልቶታል፤ ፎርማት ላድርገው?" ይላል፤ ውስጡ ያለውን ሁሉ ላጽዳው ማለቱ ነው። ከኋላ ሰው ቆሟል፣ ልብ ይቸኩላል፣ "እሺ" ይባላል። ዋናው ጉዳት የሚደርሰው ያኔ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ፍላሹ ላይ ነበር።

ይህ ዓይነቱ ቫይረስ ፋይል አይበላም። ይደብቅና በምትኩ ሾርትከት (የፋይሉን መልክ የያዘ አቋራጭ ምልክት) ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ሲጫኑት ቫይረሱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባል፣ ቀጥሎ የሚሰካውም ፍላሽ ይያዛል። አንድ ማተሚያ ኮምፒውተር የሰፈሩን ፍላሽ ሁሉ የሚበክለው በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ያጣሩ። ፍላሹ ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ይጫኑና ፕሮፐርቲስ የሚለውን ይክፈቱ። የተያዘው ቦታ ለምሳሌ 3 ጊጋባይት ካለ፣ ሲከፍቱት ግን ምንም ካልታየ፣ ፋይሉ ተደብቋል ማለት ነው። እፎይ ይበሉ።

ቀጥሎ የተደበቀውን ማሳየት ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ ፋይል ኤክስፕሎረርን ይክፈቱ፣ ከላይ ቪው፣ ከዚያ ሾው፣ ከዚያ ሂደን አይተምስ የሚለውን ይምረጡ። ዊንዶውስ 10 ላይ ቪው ውስጥ ሂደን አይተምስ ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል። የተደበቁት ፋይሎች ፈዘዝ ብለው ብቅ ይላሉ።

አሁንም ካልታዩ ተስፋ አይቁረጡ። ቫይረሱ ብዙ ጊዜ ፋይሉን የዊንዶውስ የራሱ ሲስተም ፋይል አስመስሎ ነው የሚደብቀው፤ ብዙ ሰው "ሞከርኩት፣ አልሠራም" ብሎ የሚተወውም እዚህ ላይ ነው። እዚያው ቪው አካባቢ ኦፕሽንስ የሚል አለ (ዊንዶውስ 11 ላይ ሦስቱን ነጥቦች ሲጫኑ ይመጣል)። የሚከፈተው ሳጥን ውስጥ ቪው የሚለውን ገጽ ይምረጡና "ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ" ከሚለው ላይ ምልክቱን ያንሱ። ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ይስ ይበሉ።

አሁን ፍላሹ ላይ ስም የሌለው ፎልደር ካዩ ሰነድዎ ውስጡ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ቫይረስ ሁሉንም እዚያ ነው የሚያጭቀው። ገብተው የእርስዎን ሰነዶች ብቻ ይምረጡና ኮምፒውተሩ ላይ በከፈቱት አዲስ ፎልደር ውስጥ ኮፒ ያድርጉ። ሾርትከቶቹንና የማያውቁትን ፋይል አይንኩ። ኮፒ ያደረጉትን በአንቲቫይረስ ያስፈትሹ፤ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ለዚህ ይበቃል። ሰነዱ በትክክል መከፈቱን ካዩ በኋላ ፍላሹን ፎርማት ማድረግ ይችላሉ። ያነሱትን ምልክትም መልሱት፤ አለበለዚያ አንድ ቀን የዊንዶውስን ፋይል "ይህ ደግሞ ምንድን ነው?" ብለው ያጠፉታል።

የተደበቀውን ለማየት ማክ ላይ ኮማንድ፣ ሺፍትና ነጥብን አንድ ላይ መጫን፣ ኡቡንቱ ላይ ኮንትሮልና ኤችን መጫን ይበቃል።

የተያዘው ቦታ ዜሮ ገደማ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ፋይሉ ጠፍቷል። የጠፋ ፋይል ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ብዙ ጊዜ ሊመለስ ስለሚችል ፍላሹ ላይ ምንም ነገር አያስቀምጡ። ሬኩቫ ወይም ፎቶሬክ የሚባሉትን ነፃ ፕሮግራሞች ይሞክሩ፣ ያገኙትንም ሌላ ቦታ ላይ ሴቭ ያድርጉ። ኤስኤስዲ (አዲሱ ዓይነት ፈጣን ማከማቻ) ካለው ላፕቶፕ ላይ የጠፋ ከሆነ ግን ተስፋው አነስተኛ ነው።

መብራት ጠፍቶ ሴቭ ያልተደረገ የወርድ ጽሑፍ ከጠፋብዎት ፋይል፣ ኢንፎ፣ ማኔጅ ዶክዩመንት፣ ከዚያ ሪከቨር አንሴቭድ ዶክዩመንትስ ብለው ይፈልጉ። ሴቲንጉ ካልተቀየረ በስተቀር ወርድ በየ10 ደቂቃው የራሱን ቅጂ ያስቀምጣል።

ወደ ፓስወርድ እንምጣ። የምናወራው ስለ ራስዎ አካውንት ነው፤ የሌላ ሰው ከሆነ እዚህ ላይ ንባቡን ያቁሙ። "ረሳሁት" ከማለትዎ በፊት ኪቦርዱን ይዩ። አማርኛ ሲጽፉ ቆይተው ፓወር ግዕዝ እንደበራ ከሆነ፣ ወይም ካፕስ ሎክ ከተጫነ፣ ትክክለኛው ፓስወርድ ራሱ "ስህተት ነው" ይባላል። የዓይን ምልክቷን ተጭነው የጻፉትን ይመልከቱ።

ቀጥሎ ብራውዘሩን ይጠይቁ። ክሮም ሴቲንግ ውስጥ ፓስወርድ ማኔጀር የሚል አለ። ያስቀመጡት ሁሉ እዚያ ተደርድሯል፤ የኮምፒውተሩን ፒን ካስገቡ ያሳይዎታል። ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ "ፓስወርዱ ሴቭ ይደረግ?" ሲባሉ ኖ የሚባለውም ለዚሁ ነው፤ ከእርስዎ ቀጥሎ የተቀመጠው ሰውም ያየዋል።

የዋይፋይ ፓስወርድ ከሆነ ቀላል ነው። አንድሮይድ 10ና ከዚያ በላይ የሆነ ስልክ ከኔትወርኩ ጋር ከተገናኘ፣ ዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ ሼር ሲሉት ኪውአር ኮድ ያወጣል። ብዙ ስልኮች ላይ ፓስወርዱ ከኮዱ ሥር ተጽፎ ይታያል።

ጂሜይል ነው አስቸጋሪው። ጉግል ማንነትዎን የሚያጣራው ከለመደው ነገር ተነስቶ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ በሚጠቀሙበት ስልክ ወይም ላፕቶፕ፣ ሁልጊዜ በሚከፍቱበት ቦታ፣ ቤት ወይም ቢሮ ሆነው ይሞክሩ። ፒያሳ ወርዶ በማያውቁት ኮምፒውተር ደጋግሞ መሞከር ራስን ማስጠርጠር ነው። የመጨረሻውን ፓስወርድ ሲጠየቁ በከፊል የሚያስታውሱትን ቢጽፉም ከመዝለል ይሻላል።

የማረጋገጫው ኮድ የሚላከው ወደ ጠፋ ሲም ካርድ ከሆነ መጀመሪያ መታወቂያ ይዘው ያንኑ ቁጥር ያስወጡ፣ ከዚያ ይሞክሩ። ቴሌግራም ላይ "አካውንት እናስመልሳለን" እያሉ በስልክዎ የገባውን ኮድ ላኩልን የሚሉ አሉ፤ ኮዱን ከሰጧቸው አካውንቱ የእነሱ ነው። አንዴ ከገቡ በኋላ ሴኩሪቲ በሚለው ውስጥ የስልክ ቁጥርዎን ያስተካክሉ፣ ሁለተኛ ኢሜይል ያስገቡ፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም ያብሩ። ጉግል የሚሰጥዎትን 10 መጠባበቂያ ኮዶች አትመው ከፓስፖርትዎና ከልደት ሰርተፊኬትዎ ጋር ያስቀምጡ። እያንዳንዱ ኮድ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ የተጠቀሙበትን ይሰርዙ።