ድሬ ላይ የተማሪ ሥዕል ስትሰቅሉ

የተማሪዎች የጋራ ኤግዚቢሽን ልታዘጋጁ ነው? ድሬዳዋ ከሆነ ከሁሉ በፊት ሙቀቱን አስቡ። ጠዋት በስኮች የለጠፋችሁት ሥዕል እኩለ ቀን ላይ ወለሉ ላይ ነው። እኔ ከግድግዳ ግድግዳ ሲባጎ እወጥርና በልብስ መቆንጠጫ እሰቅላለሁ። ግድግዳ አይበሳም፣ ባለቤቱም አይቆጣም። የሥዕሉ መሃል ከወለሉ 150 ሳንቲሜትር ገደማ ይሁን። ሕፃናት የሚበዙ ከሆነ ዝቅ አድርጉት። ውሃ ቀለም ግን ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ አይሰቀል፤ ይደበዝዛል።

ምርጫውን ለልጆቹ ተዉት። እያንዳንዱ የራሱን አንድ ሥራ ያምጣ። እኛ መምህራን ከመረጥን ግድግዳው ሁሉ የባቡር ጣቢያ ሥዕል ብቻ ይሆናል! አንዷ ተማሪዬ የከዚራ ሰፈርን ዛፎች ትታ ጥላቸው ሥር የቆመ ባጃጅ ሣለች። በእርሳስ ብቻ። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት መስታወቱ ውስጥ የሹፌሩ አንድ ዓይን አለ፣ እንቅልፍ የያዘው። ሰው የተሰበሰበው እሱ ጋ ነበር።

ከሥዕሉ ሥር ስም፣ ዕድሜ፣ ርዕስና የተሠራበት ነገር ይጻፍ። ከሰል ከሆነ ከሰል በሉ። ስሙ እንዴት እንደሚጻፍ ልጁን ራሱን ጠይቁ። ደረጃና ሽልማት ባይኖር እመርጣለሁ፤ ተሸላሚው ብቻ ይታይና ሌላው ይረሳል።

መክፈቻውን ከ11 ሰዓት በፊት አታድርጉት። ከምሳ በኋላ ከተማው በርጫ (ጫት መቃም) ላይ ነው፣ ማን ይመጣላችኋል? አመሻሽ ላይ ግን ቤተሰብ ተሰብስቦ ይመጣል። ሲያልቅ እያንዳንዱን ሥራ አስፈርማችሁ ለባለቤቱ መልሱ።