ላሞች ቀንሰን ትርፉን የመለስንበት መንገድ

ቀበና አካባቢ በጠባብ ግቢ የምናካሂደው የወተት ላም እርባታ ላሞቹ ሲበዙ ወተቱ ቢጨምርም ትርፉ ግን እየሳሳ ሄዶ ነበር። በከተማ መሀል ግጦሽ ስለሌለ ሣሩም ጭምር በገንዘብ ይገዛል፤ ስለዚህ የእያንዳንዷን ላም የዕለት ወተትና የምትበላውን መኖ ዋጋ ለየብቻ መመዝገብ ጀመርን።

መዝገቡ አንዳንዶቹ ላሞች የመኖአቸውን ዋጋ እንኳ እንደማይመልሱ አሳየን። እነርሱን ከሸጥን በኋላ ለቀሩት ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ (ኑግ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) በእኩል መስፈሩን ትተን፣ ድርቆሹ ብቻ ከሚያስገኘው በላይ ለሚታለበው ለእያንዳንዱ 2 ሊትር ወተት 1 ኪሎ ግራም ያህል ድብልቅ መኖ መደብን። የሚሸጠው ወተት በመጠኑ ቢቀንስም መኖ ተከፍሎ የሚተርፈው ገንዘብ ጨመረ። ፋጉሎ ውድ ቢሆንም ፕሮቲኑ ከፉርሽካው እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ እርሱን ቀንሶ መቆጠብ ለምታለብ ላም ፈጽሞ አይበጅም ብዬ አምናለሁ።

የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት ርካሽ ይመስላል፤ ይሁንና እርጥቡ ሦስት አራተኛው ገደማ ውኃ በመሆኑ ዋጋውን ከሌላው መኖ ጋር የምናነጻጽረው በደረቅ ክብደቱ ነው። ድርቆሹን ደግሞ በክረምት ከመሸመት ይልቅ አጨዳው እንዳለቀ በኅዳር ገዝተን ዝናብ በማይደርስበት ቦታ እንከምራለን።