አዲስ ስካውት ጓሳ ላይ የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ሰሞኑን እኛ ስካውቶች በምንጠብቀው በመንዝ ጓሳ ጥብቅ ስፍራ አንድ አዲስ ልጅ ይዤ ቅኝት ወጥቼ ነበር። ጎበዝ ነው። እግሩ አይደክምም፣ ዳገት ሲወጣ ሁሉ ያፏጫል። ማታ ገብተን እሳት ዳር የቅኝቱን ቅጽ ሲሞላ ግን በትከሻው በኩል ዓይኔን ጣል አደረግኩ። ጉም ከልክሎን ጭራሽ ያልረገጥነውን ሸንተረር «ሰላም» ብሎ ሞልቶታል! ተቆጣሁት። እሱን ተቆጥቼም አልወጣልኝም፣ ስለዚህ ለሌሎቻችሁም ልጻፈው።

አንደኛው፣ ቤት ቁጭ ብሎ ቅጽ መሙላት። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አዲስ ልጆች ወረቀቱን የደመወዝ መፈረሚያ ያደርጉታል። በስንት ሰዓት የት እንዳለፍክ፣ ስንት ቀይ ቀበሮ እንዳየህ፣ ስንት ከብት እንደገባ፣ የተቆረጠ አስታ (የደጋ ቁጥቋጦ ነው) ካለ የት እንደሆነ፣ ይሄ ሁሉ የሚጻፈው ነገ ማን ወዴት ይሂድ የሚለው ከዚያ ስለሚታይ ነው። «አልሄድኩም» ብለህ ብትጽፍ ነገ ሌላ ሰው ይላካል። «ሰላም» ካልክ ግን ማንም አይሄድም። «አላየሁም» እና «የለም» አንድ አይደሉም፣ ስንቴ ልበል!

አንድ ክረምት አንድ ቁልቁለት ለሦስት ሳምንት በተከታታይ «ሰላም» ተብሎ ተመዘገበ። እኔ የጠፋች በቅሎ ፍለጋ በአጋጣሚ ወረድኩበት። አስታው ተመንጥሯል። ጉቶው ገና ነጭ ነው፣ የአህያ ፋንድያ በየቦታው ወድቋል፣ እንጨቱ የወጣበት መንገድ ደግሞ እንደ ገበያ መንገድ ተረግጧል። ሰዎቹ ለመደበቅ እንኳ አልሞከሩም። እኛ ቅጹ ላይ ሰላም ስንል እነሱም በሰላም ይቆርጡ ነበር። ተመልሼ ማን ነው እንዲህ ያደረገን ብዬ ወረቀቶቹን አገላበጥኩ። የሁለቱ ቀን ፊርማ የእኔ ነው። ዝናብ ነበር፣ ጫማዬ ያስገባ ነበር፣ ምክንያት መቼ ጠፍቶ። ያን ልጅ እንደዚያ የጮህኩበት ለዚህም ሳይሆን አይቀርም።

እግርህን ካመመህ አመመኝ ብለህ ጻፍ። ማንም አይበላህም።

ሁለተኛው፣ ለእንግዳ ደስ ይበለው ብሎ የቀበሮ ጉድጓድ ማሳየት። ቀይ ቀበሮ የምትወልደው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ሰማዩ ጥርት የሚለው፣ እንግዳም የሚበዛው ያኔ ነው። ትልቅ ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው መጥቶ «ቡችሎቹን አሳየኝ» ይልሃል፣ እጁም ኪሱ አካባቢ ነው። እናቲቱ ሰው ከበዛባት ልጆቿን በአፏ አንጠልጥላ ወደ ሌላ ጉድጓድ ታዛውራለች። ጓሳ ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ በኅዳር ሌሊት ሳሩ ውርጭ ለብሶ ነው የሚያድረው። በዓለም ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ መሆናቸውንም አትርሳ። ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው፣ ሌላ አገር የለም።

እንግዳው ቀበሮ ሳያይ ይመለስ እያልኩ አይደለም። ከጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡና ጠብቁ። ቀበሮዋ መንጋው መሃል ገብታ አይጥ ታድናለች፣ ጭላዶቹም አይሸሿትም። እዚሁ ጓሳ ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ቀበሮ ብቻዋን ስታድን ከመቶ ሙከራ 25 ያህሉ ሲሳካላት፣ ጭላዳ መሃል ሆና ግን 67 ያህሉ ይሳካላታል። ስለዚህ መጠበቁ የሰነፍ ሥራ አይደለም። እሷም እዚያ የምትመጣው ስለሚያዋጣት ነው።

ጭላዳ ካነሳን አይቀር፦ አታብሉ፣ አታስበሉ። ወንዱ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳየህ እየሳቀልህ አይደለም፣ ቀስ ብለህ ወደ ኋላ በል።

የሚንገዳገድ ቀበሮ ወይም ውሻ ስታይ አዝነህ አትጠጋ። ሰው ሳይፈራ የሚመጣ ቀበሮ አልለመደህም፣ ታሟል። የእብድ ውሻ በሽታ ከእረኛ ውሻ ወደ ቀበሮ ይሻገራል፣ በምራቅም ወደ አንተ። ሞቶ ብታገኘው እንኳ በባዶ እጅህ አትንካው፣ ቦታውን በጂፒኤስ ያዝና ቶሎ አሳውቅ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል እጠበው። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ክትባቱ ለነገ አይባልም። ጸበል ይቀድማል የሚል ዘመድ ካለ ከክትባቱ በኋላ ይውሰደው።

ጉም። ከቆላው ከአፋር በኩል ገደሉን ተንተርሶ ሲመጣ ታየዋለህ፣ ግን ከምታስበው ይፈጥናል። ስህተቱ እንግዳን የሚቆጥሩት ጉሙ ከገባ በኋላ መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ስድስት ሰው ይዤ ስቆጥር አምስት ሆኑብኝ። ገደሉ በዚያ በኩል መሆኑን ሳስብ ጉልበቴ ከዳኝ። አምስቱን ጅባራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ሥር እጅ ለእጅ አያይዤ አስቀመጥኩና እየተጣራሁ ተመለስኩ። ሰውዬው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ቆሎ ይቆረጥማል። ሲያየኝ «ውይ ወንድሜ፣ የት ጠፍታችሁ ነው?» አይለኝም! ከዚያ ወዲህ ጉሙ ገና ገደሉ አፍ ላይ ሲታየኝ እቆጥራለሁ፣ ሁሉንም አጠገቤ እሰበስባለሁ፣ እስኪገለጥ አልንቀሳቀስም።

ለበረደው እንግዳ አረቄ መስጠትም ይቅር። የሞቀው ይመስለዋል እንጂ አረቄው የሰውነቱን ሙቀት ነው የሚያስወጣው። ከነፋስ አስጠልለው፣ እርጥቡን ልብስ ቀይርለት፣ ትኩስ ሻይ ስኳር አብዝተህ ስጠው።

የመጨረሻው ከጎረቤት ጋር ያለው ነው። አዲስ ስካውት ሳር የሚያጭድ ሰው ሲያይ ከሩቁ ይጮሃል፣ ሮጦ ደርሶ ማጭድ ይቀማል። ወንድሜ፣ ያ ሰው ነገ ቀብር ላይ አጠገብህ ይቆማል። እናትህን አራስ ሳለች የጠየቀች ሚስት አለችው። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ ሽማግሌ ላይ እንዲሁ ጮህኩ። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ አንተ ሳትወለድ ይህን ሳር ስንጠብቅ የኖርነው እኛ ነን» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ቄሮ በሚባለው የድሮ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ጓሳ ለዓመታት ይዘጋ ነበር። ሳሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲደርስ በጋራ ይከፈታል። ጠባቂው የተመረጠው ከሰፈሩ ሰው ነበር፣ ያን የሚያህል ሥርዓት የቀረው የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ከመጣ በኋላ ነው። ይህን ሳታውቅ ለመንዝ ሽማግሌ ስለ ጥበቃ ልታስተምር ብትነሳ ሳቁን አምቆ ነው የሚሰማህ።

አሁን መጀመሪያ ሰላምታ ነው። የቤት ሰው፣ ከብት፣ የገብሱ ነገር፣ ሁሉንም እጠይቃለሁ። ጭላዳ ገብሴን ፈጀው ካሉኝ አልስቅም፣ እሱንም እመዘግባለሁ። ከዚያ ሳር ማጨድ የተዘጋበት ጊዜ መሆኑን እናገራለሁ። ሰላምታ ሰጠሁ ማለት ግን ያየሁትን አልጽፍም ማለት አይደለም፣ እዚህ ላይ ደግሞ ሌሎቹ ልጆች ይሳሳታሉ። አፍረው ዝም ብለው ያልፋሉ፣ ማታ ደግሞ «ሰላም» ይጽፋሉ።

እኚያን ሽማግሌ ከዓመታት በኋላ እዚያው ቦታ አገኘኋቸው፣ ማጭድ ይዘው። ረጅም ሰላምታ ተሰጣጣን። ከዚያ ደብተሬን አውጥቼ ፊታቸው መጻፍ ጀመርኩ። ማጭዱን ትከሻቸው ላይ መለሱና ትንሽ ቆመው አዩኝ።

«የአባቴንም ስም ጨምርበት» አሉኝ፣ «እዚህ በስም የሚመሳሰለኝ ሰው ብዙ ነው።»