የዲኤንኤን መባዛት ሳያምታቱ ለመሳል

ሁለቱም የዲኤንኤ ሰንሰለቶች ይቀዳሉ፤ አቀዳዳቸው ግን ይለያያል። ተማሪ ፈተና ላይ የሚያምታታውም ይኸው ስለሆነ ኢንዛይሞቹን ከመሸምደድ በፊት ስዕሉን በእጅ መሥራት ይሻላል። ለምሳሌ ኢ ኮላይ የተባለችውን ባክቴሪያ እንውሰድ።

በጎኑ የተጋደመ ሹካ ሳሉ፦ በግራ የተከፈተ፣ በቀኝ ገና የተጣመረ። የእያንዳንዱ ሰንሰለት ሁለት ጫፎች 3′ እና 5′ ይባላሉ፤ በግራ በኩል በላይኛው ሰንሰለት ጫፍ 3′፣ በታችኛው 5′ ጻፉ፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ገልብጡት። እነዚህ አራት ምልክቶች ሳይጻፉ ምንም ኢንዛይም አታስገቡ። ሹካው የሚከፈተው ወደ ቀኝ ነው። መገንጠያው ላይ ሁለቱን ሰንሰለቶች የሚፈታውን ሄሊኬዝን፣ ከእሱ ቀድሞ ገና ባልተፈታው ክፍል ላይ ቶፖአይሶመሬዝን አስቀምጡ፤ ሄሊኬዝ ሲፈታ ከፊቱ የሚከማቸውን ጥምዝ የሚያላላው እሱ ነው።

አዲሱን ሰንሰለት የሚሠራው ዲኤንኤ ፖሊመሬዝ ኒውክሊዮታይድ (የሰንሰለቱን አንድ አሃድ) የሚቀጥለው 3′ ጫፍ ላይ ብቻ ነው፤ ከባዶም መጀመር አይችልም። ስለዚህ ፕራይሜዝ አስቀድሞ 10 ገደማ ኒውክሊዮታይድ ያለው ፕራይመር፣ ማለትም መነሻ የሚሆን አጭር ቁራጭ፣ ይሠራለታል። ፕራይመሩ አርኤንኤ ነውና በታይሚን ፋንታ ዩራሲል ይገባበታል፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳል። በላይኛው ሰንሰለት ሥር በግራ ጫፍ አንድ ፕራይመር አድርጉና ረጅም ቀስት ወደ ቀኝ ሳቡ። ሊዲንግ ስትራንድ፣ ማለትም ሳይቋረጥ የሚሠራው አዲስ ሰንሰለት፣ አለቀ።

የታችኛው፣ ማለትም በቁራጭ በቁራጭ የሚሠራው የላጊንግ ስትራንድ፣ ቀስቶች ግን ከሹካው እየራቁ ወደ ግራ ይሄዳሉ። ሹካው በተከፈተ ቁጥር መገንጠያው አጠገብ ሌላ ፕራይመር ማስቀመጥ ግድ ይሆናል፤ የኦካዛኪ ቁራጮች የሚባሉት በዚህ መንገድ ይፈጠራሉ። በባክቴሪያ ከ1000 እስከ 2000፣ በሰው ሴል ከ100 እስከ 200 ኒውክሊዮታይድ ይረዝማሉ። ለሹካው የሚቀርበው ቁራጭ የመጨረሻ የተጀመረው ነው፤ የእያንዳንዱም ፕራይመር በቀኝ ጫፉ ይሆናል። ፕራይመሩ በግራ ከመጣ 5′ እና 3′ ተገላብጠውባችኋል ማለት ነው።

ፖሊመሬዝ 1 ፕራይመሮቹን እየነቀለ ቦታቸውን በዲኤንኤ ይሞላል። ላይጌዝ ክፍተት አይሞላም፤ ሁሉም ኒውክሊዮታይድ ከገባ በኋላ በሁለት ቁራጮች መካከል የቀረችውን ስንጥቅ ብቻ ይዘጋል። እሱ ካልሠራ ላጊንግ ስትራንድ ቁርጥራጭ ሆኖ ይቀራል።

የኢ ኮላይ ዲኤንኤ ክብ ስለሆነ የጫፍ ጣጣ የለበትም። የሰው ክሮሞዞም ስትስሉ ግን ጫፍ ላይ ያለው የመጨረሻው ፕራይመር ሲነሳ ፖሊመሬዝ የሚቀጥልበት 3′ ጫፍ ከጎኑ አይገኝም፤ አዲሱ ሰንሰለት ያጥራል። የክሮሞዞም ጫፍ የሚያስረዝመውን ኢንዛይም፣ ቴሎመሬዝን፣ እዚያ ላይ አስገቡት።