አገር ቤት ያለ ልጅ በአሜሪካ ታክስ ላይ ሲገባ

አገር ቤት ለቀሩ ልጆቹ በየወሩ ገንዘብ የሚልክ ወላጅ፣ አሜሪካ ገብቶ የመጀመሪያ ታክሱን ሲያሠራ ልጆቹን በጥገኝነት ማስገባት መብቱ መስሎ ቢታየው አያስወቅሰውም፤ የሚያበላቸውም የሚያስተምራቸውም እርሱ ነውና። የፌዴራሉ የታክስ ሕግ ግን ልጁን የሚረዳው ማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን የየት አገር ዜጋ ወይም ነዋሪ እንደሆነና ከማን ጋር እንደኖረም ይጠይቃል። የአሜሪካ ዜግነት የሌለውና በታክስ ሕግ የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ የማይባል ልጅ፣ የሚላክለት ገንዘብ የቱንም ያህል ቢበዛ ጥገኛ ተብሎ ሊመዘገብ አይችልም። የቪዛው ጉዳይ ተጠናቆ ልጁ በጥቅምት ወር አሜሪካ ቢደርስ እንኳ፣ እስከዚያ ድረስ ወላጁ ተለይቶት ከነበረ፣ ከግማሽ ዓመት በላይ አብሮ የመኖር መስፈርት ስለማይሟላ የዚያ ዓመት የልጅ ታክስ ክሬዲት፣ ማለትም ለልጅ ተብሎ ከታክስ ላይ የሚቀነሰው ገንዘብ፣ አይገኝም።

አሜሪካ ውስጥ ባለ ልጅም ላይ ስሕተት ይፈጠራል። ገቢ የሌለው ዘመድ «ልጄ አንተ ላይ ይግባ» ሲል መተጋገዝ ይመስላል፤ ነገር ግን የወንድም ወይም የእኅት ልጅ እንኳ ለዚህ ክሬዲት የሚመዘገበው ከግማሽ ዓመት በላይ በእርግጥ አብሮ ከኖረና ሌሎቹም መስፈርቶች ከተሟሉ ነው።

ያላግባብ የተገኘው ሪፈንድ ከነወለዱ ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜም የጎደለው ታክስ 20 በመቶ ቅጣት ይታከልበታል፣ ማጭበርበር መሆኑ ከተረጋገጠ ደግሞ ቅጣቱ 75 በመቶ ይደርሳል። ለቤተሰብ ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን እገዳው ነው። የፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት አይአርኤስ፣ ሰውየው ደንቡን በግድየለሽነት ወይም ሆን ብሎ እንደጣሰ ካመነ ክሬዲቱን ለ2 ዓመት፣ ካጭበረበረ ለ10 ዓመት ይከለክለዋል። የልጅ ታክስ ክሬዲት እ.ኤ.አ. በ2025 ለአንድ ልጅ እስከ 2,200 ዶላር ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ያሉ ሦስት ልጆቹን አውቆ ያስገባ አባት፣ ልጆቹ በሕጋዊ መንገድ መጥተው አብረውት ሲኖሩ በዓመት እስከ 6,600 ዶላር የሚደርስ መብታቸውን ሊያሳጣቸው ይችላል። እገዳው ካበቃ በኋላም ክሬዲቱን እንደገና ለመጠየቅ ቅጽ 8862ን መሙላት ያስፈልጋል።

«ታክስ ሠሪው ነው ያስገባው» የሚለው መልስ ከኃላፊነት አያድንም፤ ቅጹ ላይ በሐሰት መማል በሚያስከትለው ቅጣት ሥር የሚፈርመው ባለቤቱ ነውና። ክፍያ ተቀብሎ ሠርቶ ስሙንና ፊርማውን ከማያሰፍር ሰው መራቅ ያስፈልጋል። የዜግነት ማመልከቻም ጊዜው ያለፈበት የታክስ ዕዳ መኖሩን ስለሚጠይቅ፣ ጉዳዩ ከገንዘብ አልፎ ይሄዳል።

ስሕተቱን ያወቀ ሰው ደብዳቤ እስኪመጣ ሳይጠብቅ በቅጽ 1040-ኤክስ ያርመው፤ ቀድሞ የታረመ ስሕተት ብዙ ቅጣት ያስቀራል። ሁለት ሰዎች አንድን ልጅ አስገብተው ከሆነና ሲፒ87ኤ የተባለው ማሳሰቢያ ቢደርስ፣ መብቱ የራሱ የሆነ ሰው ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም፤ ያልሆነው ግን ማረም አለበት። ማስረጃ የሚጠይቅ ደብዳቤ ከሆነ በተጻፈው ቀን ገደብ ውስጥ የልደት የምስክር ወረቀቱን ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር፣ እንዲሁም የልጁን አድራሻ የሚያሳይ የትምህርት ቤት ወይም የክሊኒክ ደብዳቤ መላክ ነው። ቪታ በተባለው ፕሮግራም ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ​ ሰዎች ታክስ በነጻ ይሠራል፤ ከአይአርኤስ ጋር ክርክር ለገጠመው ደግሞ ለዝቅተኛ ገቢ ታክስ ከፋዮች የተቋቋሙ የሕግ ክሊኒኮች በነጻ ወይም በጥቂት ክፍያ ይቆሙለታል።